ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ደለል ማሳሰቢያ፦ ለአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆችና ለዳርቻው ነዋሪዎች

ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ የክረምት ጎርፍ ይገባበታል፤ ከተማው ያጠበው ሁሉ በየቦዩ ይወርድበታል። ከዚያ በኋላ ውኃው ገሚሱ ይተንናል፣ ገሚሱ ወደ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። አፈሩ ግን አይተንም፤ አይሰርግምም። ከወንዶ ገነት ተዳፋት ታጥቦ የመጣ፣ ከአላሙራና ከታቦር ተራሮች ግርጌ ጎርፍ የጠረገው፣ ገልባጭ መኪና ዳርቻው ላይ የደፋው አፈር አንዴ ውኃው ውስጥ ከገባ መሄጃ የለውም፤ እዚያው ይተኛል። ሐይቁ ደግሞ ሰው እንደሚገምተው ጥልቅ አይደለም። እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ 22 ሜትር ገደማ ነው፤ በአማካይ 11 ሜትር ያህል ቢሆን ነው።

ይህ ማሳሰቢያ ስለዚያ አፈር ነው። የሚመለከተውም ማለዳ አሞራ ገደል ላይ መረቡን የሚያራግፈውን ዓሣ አጥማጅ፣ ዓሣ የሚገፍፈውንና የሚጠብሰውን፣ በሐይቁ ዳር ግድብ ላይ የሚንሸራሸረውን፣ ጥቁር ውኃ ዳር ጎመንና ጫት የሚያለማውን፣ ቤት የሚሠራውንና የሚያሠራውን ሁሉ ነው።

በቅድሚያ ግን መነሳት ያለበት አንድ ፍርሃት አለ። ደለል በዓመት ምን ያህል እንደሚከማች ከሚታወቅባቸው አስተማማኝ መንገዶች አንዱ ራዲዮአክቲቭ (ጨረር የሚለቁ) አይሶቶፖችን መለካት ነው። ባለሙያዎች በጀልባ ወደ ሐይቁ መካከል ይሄዳሉ፤ ረጅም ቱቦ ጭቃው ውስጥ ይሰካሉ፤ ጭቃውን እንደተደራረበ ሳይረብሹ ያወጡታል። ከዚያ በየሴንቲ ሜትሩ ይቆርጡትና በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ ያለውን እርሳስ-210 እና ሲዚየም-137 ይለካሉ። «ራዲዮአክቲቭ» የሚለው ቃል ዓሣ ገበያ ሲደርስ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። አንድ ሰው «ሐይቁ ተመርዟል» ብሎ ቴሌግራም ላይ ቢለጥፍ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ በአንድ ቀን ይቋረጣል። ስለዚህ በግልጽ መነገር አለበት፦ በዚህ ዘዴ ደለል የሚለኩ ባለሙያዎች ወደ ሐይቁ ምንም ራዲዮአክቲቭ ነገር አይጨምሩም። የሚለኩት ከሰማይ ወርዶ በምድር ሁሉ ላይ ያረፈውን፣ በሐዋሳም በጣናም በሜዲትራኒያን ባሕር ወለልም የሚገኘውን ነው።

እርሳስ-210 የተፈጥሮ ነው። አለትና አፈር ውስጥ ጥቂት ዩራኒየም አለ፤ እሱ በረጅም ዘመን እየተለወጠ ራዲየም ይሆናል፤ ራዲየም ደግሞ ሬዶን ወደተባለ ጋዝ ይለወጣል። ሬዶን ከመሬት አምልጦ አየር ውስጥ ይገባል፤ በ4 ቀን ገደማ ግማሹ ተለውጦ ያልቃል፤ ከለውጡ መጨረሻ አካባቢ እርሳስ-210 ሆኖ ከዝናብና ከአቧራ ጋር ይወርዳል። ሐይቅ ላይ የወረደው ከደቃቅ አፈር ጋር ተጣብቆ ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ በየ22 ዓመቱ ግማሽ በግማሽ እያነሰ ይሄዳል። ላይኛው ጭቃ አዲስ ስለሆነ ብዙ ይዟል፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር መጠኑ ይቀንሳል። ለማስረዳት ያህል፣ ከአለቱ ከራሱ የሚመጣው ተቀንሶ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ከላዩ ሩብ ብቻ ተገኘ እንበል። ሁለት ጊዜ ተገምሷል ማለት ነው፤ ጭቃው የ44 ዓመት ነው፤ በዓመት ከ2 ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ደለል ተከማችቷል። ነገር ግን አማካይ ቁጥር ያታልላል። ከዚያው 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ታችኛው ግማሽ 34 ዓመት፣ ላይኛው ግማሽ 10 ዓመት ብቻ የፈጀ ሆኖ ቢገኝ፣ አፈሩ በቅርቡ ከቀድሞው ከሦስት እጥፍ በላይ ፈጥኖ እየመጣ ነው ማለት ነው። ይህን ዓይን አያየውም፤ ሽማግሌም አያስታውሰውም። ዘዴው ወደ ኋላ እስከ 100 እና 150 ዓመት ድረስ ያስኬዳል። ያ ማለት ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ያለውን ያካትታል።

ሲዚየም-137 ግን የሰው ሥራ ነው። ኃያላን መንግሥታት የኑክሌር ቦምብ በአየር ላይ ሲሞክሩ የበተኑት ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1961 ብቻ 50 ሜጋ ቶን የሚገመት አንድ ቦምብ አፈንድታለች። ትቢያው ከላይኛው አየር ላይ ቆይቶ በዝናብ ሲወርድ ከፍተኛው መጠን ምድር የደረሰው በ1963 ነው፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በአየር፣ በጠፈርና በውኃ ውስጥ የሚደረገውን ሙከራ የሚከለክለው ስምምነት ሞስኮ ላይ ተፈረመ። በእኛ አቆጣጠር 1955 ዓ.ም. ነው። ሐዋሳም እንደ ከተማ የተቆረቆረችው በዚያው በ1950ዎቹ ነው። ከዚህ የተነሳ፣ የሲዚየሙ ከፍታ በጭቃው ውስጥ በግልጽ በተገኘበት ቦታ፣ ከዚያ መስመር በላይ ያለው ደለል ይብዛም ይነስ ከተማዋ በኖረችበት ዕድሜ የተከማቸ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከቦምቡ ትቢያ አብዛኛው የወረደው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ መካከለኛ ኬክሮስ ላይ ነው፤ ወደ ምድር ወገብ የቀረበ አገር ያገኘው አነስተኛ ነው። የሲዚየም ግማሽ ዕድሜም 30 ዓመት ስለሆነ ያኔ ከወረደው የቀረው ሩብ እንኳ አይሞላም። ሲዚየምን ብቻ ለክቶ የሐዋሳን ደለል ዕድሜ የሚናገር ሰው ካለ በእርሳስ-210 አመሳክሮ እንደሆነ ይጠየቅ።

ሲዚየም ይበልጥ የሚጠቅመው ምናልባት ከሐይቁ ይልቅ ከላይ፣ ማሳው ላይ ነው። ሰማይ ለተራራውም ለሜዳውም በእኩል አዘነመው፤ ከሸክላ አፈር ጋር ከተጣበቀ በኋላም በቀላሉ አይላቀቅም። ታርሶ የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ወይም የጥንት ግጦሽ መሬት ይለካል፤ ቀጥሎ አጠገቡ ያለው የታረሰ ተዳፋት ይለካል። ማሳው ላይ የጎደለው ሲዚየም ከተጣበቀበት አፈር ጋር ተጠርጎ የሄደ ነው። ገበሬው በቁጣ ሳይወቀስ፣ በመለኪያ ብቻ፣ የትኛው ተዳፋት አስቸኳይ እርከን እንደሚፈልግ ይታወቃል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጨረር ሰውን አይጎዳም ወይ? በሐይቅ ጭቃ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ደካማ ከመሆኑ የተነሳ አንዱን ናሙና በረቂቅ መሣሪያ ለመለካት ብዙውን ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የአንድ አዋቂ ሰው ገላ ውስጥ በተፈጥሮ ባለው ፖታሲየም ብቻ በየሰከንዱ 4,000 ያህል ጊዜ የጨረር ልቀት ይካሄዳል። በዚህ ጨረር ምክንያት ዓሣ መብላት አይቆምም፤ ሐይቁ ውስጥ መዋኘትም አይቀርም።

ግን ይኸው ሲዚየም በሌላ መልኩ ሲመጣ ገዳይ ነው፤ ሁለቱ መምታታት የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1987 ብራዚል ውስጥ ጎያኒያ በምትባል ከተማ ሁለት ሰዎች ከተተወ የካንሰር ሕክምና ማዕከል አንድ የብረት ዕቃ አውጥተው ለብረታ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ውስጡ 50 ትሪሊዮን ቤክሬል ገደማ፣ ማለትም በየሰከንዱ ያን ያህል ጊዜ ጨረር የሚለቅ፣ ሲዚየም-137 ነበር። በጨለማ የሚያበራ ሰማያዊ ዱቄት ስለነበር ሰው ተካፈለው፤ ሕፃናት ተቀቡት። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ 249 ሰዎች ተበከሉ። በእኛም አገር ለመንገድ ሥራ የአፈር ጥግግት የሚለኩ፣ በሕክምና የሚያገለግሉ የታሸጉ የጨረር ምንጮች አሉ። ስለዚህ ለቆራሌው፣ ለብረታ ብረት ገዢና ለጋራዥ ሠራተኛ አጥብቄ እላለሁ፦ ቢጫ መደብ ላይ ሦስት ቅጠል የሚመስል ጥቁር ምልክት ያለበት ከባድ የብረት ዕቃ ከተገኘ አይከፈት፣ አይመታ፣ አይቆረጥ፣ ቤት አይግባ። ከእሱ ርቆ ለፖሊስ መደወል ብቻ ነው።

ዓሣን በተመለከተ የሚያሳስብ ነገር ካለ ጨረር ሳይሆን ሜርኩሪ ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም የሐይቅ ሳይንስ ባለሙያው ዝናቡ ገብረማርያም፣ ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ሌላ ዓሣ እየበሉ በሚያድጉ ትልልቅ ቢልጫዎች ሥጋ ውስጥ ከፍ ያለ ሜርኩሪ አግኝተዋል። አምባዛ ላይ ያገኙት ከጠበቁት ያነሰ ነው፤ ቆሮሶ ደግሞ ምግቡ በአብዛኛው አልጌ ስለሆነ ሜርኩሪ በምግብ ሰንሰለት እያደገ የሚደርስበት ዓሣ አይደለም። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ትንንሽ ልጆች ትልልቅ ቢልጫ ባያዘወትሩ ይመረጣል፤ ቆሮሶ ግን ይብሉ። እንዲህ ዓይነት ብረቶች እንደ እርሳስ-210 ሁሉ ከደቃቅ አፈር ጋር ተጣብቀው ስለሚጓዙ፣ ደለሉን የሚቀንስ ሰው እነሱንም እየቀነሰ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ልግባ። ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ ጥቁር ውኃ ከሚነሳበት ወገን፣ ጨለለቃ የሚባል ሐይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972፣ ማለትም በ1964 ዓ.ም.፣ ስፋቱ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል እንደነበር ይነገራል። ዛሬ እዚያ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ረግረግ፣ ሣርና ከብት ነው። ከምሥራቁ ደጋ፣ ከወንዶ ገነት ተራሮች ደኑ ሲመነጠር የወረደው አፈር ጨለለቃን ሞላው። ብዙ ሰው ይህን እንደ አንድ ትንሽ ሐይቅ መጥፋት ብቻ ያየዋል። እኔ የማየው ሌላም ነገር ነው። ጨለለቃ ለሐዋሳ ሐይቅ እንደ ጠላ ማጥለያ ነበር፤ ጎርፉ እዚያ ደርሶ ይረጋ ነበር፣ አፈሩን ያራግፍ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጥቁር ውኃ የሚያልፈው። ማጥለያው ሞልቷል። አሁን ረግረጉና ሣሩ ብቻ የሚችለውን ያህል ይይዛል፤ እሱንም እያረስነውና ውኃውን እያጠነፈፍነው ነው። እሱ ከተነካ በዳገቱና በሐይቁ መካከል ጎርፉን የሚያዘገይ ነገር አይቀርም።

«ጨለለቃ ትንሽ ነበር፣ ሐዋሳ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ መቼ ይሞላል?» የሚል ይኖራል። ሙሉ በሙሉ እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልግም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዳር ነው። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ ወንዱ አሸዋማውን ወለል ጠርጎ ጎጆ ይሠራል፣ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች። ወለሉ ልስልስ ጭቃ ሲለብስ፣ ውኃውም ሲደፈርስ መራቢያው ይጠብባል። በዚያ ላይ ከማሳ የታጠበ አፈር ማዳበሪያ ይዞ ይመጣል፤ ማዳበሪያው ውኃ ውስጥ አልጌንና እምቦጭን ያሳድጋል። እምቦጭ በጣና ላይ ያደረሰውን አይተናል። የሐሮማያም ነገር አይረሳ፤ ውኃው ከመጠን በላይ ተስቦ፣ ደለሉም ጥልቀቱን ቀንሶት፣ ሐይቁ ደርቆ ከርሟል።

አንድ ነገር ላርም። የሐዋሳ ሐይቅ ከፍታ ሲጨምር ሁሉም «ደለል ነው ያነሳው» ይላል። ደለል በሚሊ ሜትር ነው የሚቆጠረው፤ የሐይቁ ከፍታ ግን በዝናብ ዓመታት በአጭር ጊዜ ከዚያ ብዙ እጥፍ በሆነ መጠን ይለዋወጣል፤ ከ1990 ዓ.ም. የኤልኒኖ ዝናብ በኋላ ከተማዋ የገጠማትን መጥለቅለቅ ያየ ያውቀዋል። ዳገቱ ሲራቆት ዝናቡ ወደ መሬት ከመስረግ ይልቅ መሮጡ፣ ጨለለቃም ውኃ መያዣነቱን ማጣቱ በጎርፉ ላይ ድርሻ አላቸው። ደለሉ ምልክትም ጉዳትም ነው፤ የሁሉ ነገር ምክንያት ግን አይደለም። ችግሩን አጋንኖ መናገር መፍትሔውን ያርቀዋል።

የአፈር ጉዞ የሐዋሳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዓባይ የወሰደው የኢትዮጵያ አፈር ለሺህ ዓመታት የግብፅን መሬት ሲገነባና ሜዲትራኒያን ወለል ላይ ሲተኛ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀው የአስዋን ግድብ ወዲህ አብዛኛው በናስር ሐይቅ ቀርቷል፤ ሱዳን ውስጥ ያለው የሮዛሪስ ግድብም ከመያዣ አቅሙ ብዙውን በደለል አጥቶ በ2013 ከፍ እንዲል ተደርጓል። ጥልቁ ውቅያኖስ ላይ በሺህ ዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው የሚከማቸው። ሐይቅ ግን ያንን በአንድ ክረምት ሊደርስበት ይችላል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ለዓሣ አጥማጆች መጀመሪያ ልናገር፤ ሐይቁን ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁና። ዳርቻውን እያረሰ የሚጎተት መረብ አትጠቀሙ። ጫጩቱን ይጨርሳል፣ ጎጆውን ያፈርሳል፣ ተደራርቦ የተቀመጠውን ጭቃም ያደባልቃል። የተደባለቀ ጭቃ ዕድሜው አይነበብም፤ የላይኛውና የታችኛው አንድ ሆነዋልና። ባለሙያዎች ውኃው ላይ ተንሳፋፊ ምልክት አስረው ካያችሁ፣ ከሥሩ የሚወርደውን ደለል የሚሰበስብ ቱቦ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል። አትቁረጡት፣ ጀልባ አትሰሩበት፤ መረባችሁ ከተያዘበት ንገሯቸው። እነሱም ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት አሞራ ገደል መጥተው ለዓሣ አጥማጁ በአማርኛና በሲዳምኛ ሊያስረዱ ይገባል። ሰው ያልተነገረውን ነገር ቢጠረጥር ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ዓሣ ለምትገፍፉ፦ አንጀቱንና ቅርፊቱን ወደ ውኃው አትጣሉ። አባ ኮዳ የሚበላውን ይበላል፤ የቀረው ግን ዳር ላይ በስብሶ ከደለሉ ጋር ይደራረባል። ለዚህ የሚሆን ማጠራቀሚያ ገበያው ያዘጋጅ።

ዳር ላይ ለምታለሙ፦ እስከ ውኃው ጠርዝ አትረሱ። ፊላውን፣ ደንገሉንና ሣሩን ተዉት። ፊላ የተመነጠረበት ዳርቻ አፈሩን የሚይዝለት የለም፤ ለአንድ መደብ ጎመን ሲባል ዓሣው መራቢያ ያጣል። ወንዶ ገነትና ከዚያ በላይ ላላችሁ ገበሬዎች እርከኑ የሐዋሳን ሐይቅ ለመታደግ ብቻ ተብሎ የሚሠራ አይደለም፤ የሐይቁ ጭቃ የሆነው የእናንተ ማሳ ነው።

ለቤት ሠሪዎችና ለገልባጭ ባለቤቶች፦ የመሠረት አፈርና ፍርስራሽ ሐይቁ ዳር ወይም ቦይ ውስጥ መድፋት ሐይቁ ውስጥ እንደ መድፋት ነው። ይህን የሚያይ ነዋሪ ዝም አይበል፤ ሰሌዳውን ይዞ ለቀበሌው ያሳውቅ።

ለተማሪዎችና ለመገናኛ ብዙኃን ደግሞ፦ አንድ ቱቦ ከአንድ ቦታ አውጥቶ ስለ ሐይቁ ሁሉ መናገር አይቻልም። ወንዙ በሚገባበት አፍ ላይ ያለው ደለል ከመካከሉ ጋር አይመሳሰልም። የለካችሁትን፣ የት እንደለካችሁና ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ ጨምራችሁ ተናገሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሞሐመድ ኡመር ከብሪታንያ ባልደረቦቻቸው ጋር ከዚሁ ሐይቅ ደለል አውጥተው የጥንቱን የውኃ ጨዋማነት ከዲያቶም (ደቃቅ አልጌ) ቅሪት አንብበዋል፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። እኛ ዛሬ የምንደፋው አፈርም በዚያው መዝገብ ላይ እየተጻፈ ነው። ለክታችሁ ያወቃችሁትን በመደርደሪያ አትተዉት፤ ለከተማው አስተዳደርና ለአሞራ ገደል ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ አድርሱ።

ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር አሁኑኑ ይደረግ። በየዓመቱ የጎርፍ ቦዮች ይጠረጋሉ፤ የወጣው ደለል ግን ቦዩ ዳር ተከምሮ ይቀራል፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ መልሶ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩም ወደ ሐይቁ ያወርደዋል። የከተማው አስተዳደርም፣ የየሰፈሩ ወጣቶችም፣ የየደጃፉ ባለቤትም ይህን ልብ ይበሉ፦ ቦዩ ከሰኔ በፊት ይጠረግ፤ የተጠረገው አፈር በዚያው ቀን ተጭኖ ከሐይቁ ርቆ ይደፋ።